ከሞኒተሩ ሥር ምን ይነጠፍ? ጠረጴዛው አብሮ እንዳይጮህ የማድረጊያ አሠራር

«ከስቱዲዮ ሞኒተሬ (ሙዚቃ ሲሠራ ከሚደመጥበት ስፒከር) ሥር ስፖንጅ ላድርግ ወይስ ጎማ?» የሚል ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ሁለቱም ሊሠሩ ይችላሉ፤ ሁለቱም ምንም ላይፈይዱ ይችላሉ። የሚወስነው የዕቃው ስም ወይም ቀለም ሳይሆን፣ የሞኒተሩ ክብደት ሲያርፍበት ስንት ሚሊ ሜትር እንደሚሰምጥ ነው። ይህን ደግሞ በማስመሪያ ለክታችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት፤ በተለይ ደረጃ 3ን አትዝለሉት፣ ምክንያቱም ምንም መግዛት እንደማያስፈልጋችሁ ሊነግራችሁ ይችላል።

ምኑን ያስተካክላል?

ዎፈሩ፣ ማለትም ባሱን የሚያወጣው ትልቁ ድምፅ ማውጫ፣ አየሩን ወደፊት ሲገፋ የሞኒተሩ ሳጥን በተቃራኒው ወደኋላ ይገፋል። ይህ ግፊት በሳጥኑ ወለል በኩል ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። የክራር ክር ብቻውን ቢመታ ድምፁ ቀጭን ነው፤ የሚያጎላው ከሥሩ ያለው ገበቴና የተወጠረው ቆዳ ነው። ሰፊ፣ ቀጭንና መሃሉ ያልተደገፈ ጠረጴዛም ሳታዙት ይህንኑ ሥራ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሄርዝ ባለው አካባቢ የራሱን ድምፅ ይጨምራል። እናንተም ያ ድምፅ ከቅጂው የመጣ መስሏችሁ በኢኪው (የባስና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያ) ትቀንሱታላችሁ። ሚክሱ (ተቀናብሮ ያለቀው ሙዚቃ) ሌላ ቦታ ሲከፈት ታዲያ ሆዱ ባዶ ሆኖ ይገኛል።

የማያስተካክላቸውም አሉ። ርዝመቱ 4 ሜትር በሆነ ክፍል ውስጥ 43 ሄርዝ አካባቢ አንዱ ጥግ ላይ የሚያብጥ፣ መሃል ላይ የሚጠፋ ባስ ካለ፣ ያ የክፍሉ ርዝመት የፈጠረው ነው፤ ከሞኒተሩ ሥር የሚገባ ምንም ነገር አይነካውም። ከጠረጴዛው ገጽ ተንጸባርቆ ወደ ጆሯችሁ የሚመጣው ድምፅም በአየር የሚሄድ ስለሆነ ፓድ፣ ማለትም ከሥር የሚነጠፈው ለስላሳ ነገር፣ አያስቀረውም። ጎረቤትን በተመለከተ፣ በወለልና በግድግዳ የሚሄደው ንዝረት ይቀንሳል፤ በአየር የሚሻገረው ባስ ግን እንዳለ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የሰውነት ሚዛን (ወይም የሞኒተሩ መመሪያ ላይ የተጻፈው ክብደት)
- ማስመሪያ፤ ካሊፐር (ውፍረትን በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ካለ የተሻለ ነው
- ውሃ ልክ፤ ስልክ ላይ ያለውም ይበቃል
- ቁመታቸው እኩል የሆነ ጠንካራ የእንጨት ቁራጮች፣ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር
- ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ለሙከራ ብቻ
- ከ20 እስከ 300 ሄርዝ ቀስ ብሎ የሚወጣ ሳይን ስዊፕ (ከወፍራም ወደ ቀጭን እየተለወጠ የሚሄድ አንድ ወጥ የሙከራ ድምፅ)፣ ርዝመቱ አንድ ደቂቃ ያህል
- የፓድ ዕቃ፦ ጠጠር ያለ ስፖንጅ፣ ወይም ለስላሳ ጎማ፣ ወይም ሶርቦቴን (ንዝረት ለመምጠጥ የተሠራ ጎማ መሰል ዕቃ)
- እንደ አስፈላጊነቱ የግራናይት ወይም የእብነ በረድ ቁራጭ፣ የሳጥኑን ወለል የሚያክል
- ስለታም ከተር
- ጎማ ከተጠቀማችሁ፣ ከሳጥኑና ከጠረጴዛው ቀለም ጋር እንዳይነካካ የሚለይ ስስ ጠንካራ ፕላስቲክ

ከመጀመራችሁ በፊት ጥንቃቄ

ሞኒተሩን ከማንሳታችሁ በፊት አጥፉት፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንም ንቀሉ። ስታነሱት ጎንና ጎኑን ያዙ፤ ጣት ኮኑ (የዎፈሩ ተንቀሳቃሽ ገጽ) ላይ ወይም ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ) ላይ አያርፍ። ከኋላው ያለው የአምፕሊፋየር ብረት ሊሞቅ ስለሚችል ስፖንጅም ሆነ ብርድ ልብስ እንዳይነካው፣ የባስ ቀዳዳውም እንዳይሸፈን። ሳጥኑን በስታችሁ እግር ለመግጠም አትሞክሩ፤ ሳጥኑ ከባስ ቀዳዳው በቀር አየር እንዳያስወጣ ተደርጎ የተሠራ ነው፣ ውስጡም የኤሌክትሪክ ዕቃ አለ።

አሠራሩ

1. ክብደቱን እወቁ። ሞኒተሩን ይዛችሁ ሚዛን ላይ ቁሙ፣ ከዚያ የራሳችሁን ክብደት ቀንሱ። ለምሳሌ ያማሃ ኤችኤስ 5 5.3 ኪሎ፣ ኤችኤስ 8 ደግሞ 10.2 ኪሎ ይመዝናል። አንድ ዓይነት ፓድ ከሁለቱ ሥር ብታስገቡ በከባዱ ሥር ሁለት እጥፍ ያህል ይሰምጣል። «ለጓደኛዬ ጥሩ ሠርቶ ለእኔ ግን ምንም ለውጥ የለውም» የሚባለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

2. ጠረጴዛውን ፈትሹ። መጀመሪያ ብዕሩን፣ የጠረጴዛ መብራቱን፣ ብርጭቆውንና ላላ ያለውን መሳቢያ አስወግዱ ወይም አጥብቁ። አንድ የላላ ብሎን ከሙሉ ጠረጴዛ በላይ ሊንጫጫ ይችላል፤ ለእሱ ፓድ ሳይሆን መፍቻ ነው የሚያስፈልገው። ከዚያ ስዊፑን ሁልጊዜ በምትሠሩበት ድምፅ መጠን አጫውቱ፣ መዳፋችሁን ጠረጴዛው ላይ ዘርጉ። ንዝረቱ በድንገት የሚበረታበትን ሄርዝ ጻፉ። መዳፋችሁን መሃል ላይ፣ ጠርዝ ላይና እግሮቹ አጠገብ እያፈራረቃችሁ ደጋግሙት፤ መሃሉ ከእግሩ አጠገብ የበለጠ ቢንቀጠቀጥ አይግረማችሁ። ይህን ማስታወሻ አትጣሉት፣ በመጨረሻው ደረጃ ትመለሱበታላችሁ።

መዳፋችሁ ምንም ካልተሰማው፣ ወይም ሞኒተራችሁ በከባድ ስታንድ ላይ ሆኖ ስታንዱ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከቆመ፣ የምታገኙት ጥቅም ትንሽ ነው። የእንጨት ወለል ሲሆን ግን ከስታንዱ ወደ ወለሉ የሚወርደው ንዝረትም ችግር ሊሆን ይችላል።

3. ከፍታውን ከንዝረቱ ለዩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፓድ ስታስገቡ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይለወጣል፦ ንዝረቱ ይቀንሳል፣ ሞኒተሩም ከፍ ይላል። ከፍ ሲል ከጠረጴዛው የሚንጸባረቀው ድምፅ የሚሄድበት ርቀት ይለወጣል፣ ትዊተሩም ወደ ጆሯችሁ ይጠጋል፤ ስለዚህ ፓዱ ምንም ባይከላከል እንኳ ድምፁ ይለወጣል። ለመለየት እንዲህ አድርጉ፦

ሀ) ሞኒተሩ በቀጥታ ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ አሳምራችሁ የምታውቁትን ሙዚቃ ስሙ።
ለ) ከሥሩ የእንጨት ቁራጮቹን አስገቡና ያንኑ ሙዚቃ ስሙ። እንጨት ጠንካራ ስለሆነ ንዝረቱን እንዳለ ያሳልፈዋል፤ የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው።
ሐ) እንጨቱን አውጥታችሁ ብርድ ልብሱን አጣጥፋችሁ አስገቡ፣ ሞኒተሩ ሲያርፍበት ከእንጨቱ ጋር እኩል ቁመት እስኪኖረው ድረስ እጥፉን አስተካክሉ። እጃችሁን ሳጥኑ አጠገብ አድርጋችሁ እንዳይወድቅ ጠብቁት።

በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል ልዩነት ከሌለ ችግራችሁ ንዝረት አይደለም፤ ሞኒተሩን በእንጨት ከፍ አድርጋችሁ ሥራችሁን ቀጥሉ። ልዩነት ካለ፣ ለምሳሌ በ«ሐ» የባስ ጊታሩ ኖታዎች እርስ በርስ ተቀራራቢ የድምፅ መጠን ካላቸውና ከበሮው ከተመታ በኋላ የሚቀጥለው ድምፅ ካጠረ፣ ወደ ደረጃ 4 እለፉ።

4. ስንት ሚሊ ሜትር መስመጥ እንዳለበት ወስኑ። ለስላሳ ነገር ላይ የተቀመጠ ክብደት ሁሉ የራሱ የመወዛወዣ ፍጥነት አለው፤ ሬዞናንስ የሚባለው ይኸው ነው። ፓዱ ንዝረትን መከልከል የሚጀምረው ከዚህ ፍጥነት 1.4 እጥፍ በላይ ነው። በራሱ ፍጥነት ላይ ሲደርስ ግን አይከለክልም፤ ጭራሽ ያጎላዋል። ፍጥነቱን ለመገመት ደግሞ የሰመጠውን ልክ ማወቅ ይበቃል፤ 15.8ን ለሰመጠው ሚሊ ሜትር ስኩዌር ሩት ታካፍላላችሁ፦

- 0.1 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ፣ 50 ሄርዝ ገደማ
- 0.25 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ፣ 32 ሄርዝ ገደማ
- 1 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ፣ 16 ሄርዝ ገደማ
- 2 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ፣ 11 ሄርዝ ገደማ
- 4 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ፣ 8 ሄርዝ ገደማ

የመጀመሪያውን መስመር ልብ በሉ። ጠንካራ ጎማ ከቀላል ሞኒተር ሥር ሲገባ የሚሆነው ይህ ነው፦ በዓይን የማይታይ ያህል ይሰምጣል፣ ሬዞናንሱ 50 ሄርዝ ላይ፣ ማለትም በባሱ መሃል ያርፋል፤ መከልከል የሚጀምረው ከ70 ሄርዝ በላይ ነው። ከ50 ሄርዝ በታችና በዙሪያው ያለውን ወይ እንዳለ ያሳልፋል ወይ ያጎላዋል።

ስፖንጅና ጎማ ሲንቀጠቀጡ፣ ዝም ብለው ክብደት ሲሸከሙ ከሚያሳዩት በላይ ይጠጥራሉ። ስለዚህ እውነተኛው ቁጥር ከስሌቱ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል። ሞኒተራችሁ እስከ 45 ሄርዝ የሚወርድ ከሆነ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መስመጥን ዒላማ አድርጉ። ከዚያ በላይ መሄድ ይቻላል፣ ነገር ግን ሞኒተሩ እየተንገዳገደ ያስቸግራል።

«ለስላሳ ነገር ላይ ከተቀመጠ ኮኑ መደገፊያ አጥቶ ባሱ አይደክምም ወይ?» የሚለውም ጥያቄ አብሮ ይመጣል። አይደክምም። የባለ 5 ኢንች ዎፈር ተንቀሳቃሽ ክፍል ከ10 እስከ 20 ግራም ገደማ ነው፤ ሳጥኑ ደግሞ ከ5 ኪሎ በላይ። 15 ግራም ኮን 3 ሚሊ ሜትር ሲንቀሳቀስ 5.3 ኪሎ ሳጥን የሚንቀሳቀሰው 0.01 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። መደገፊያው የሳጥኑ የራሱ ክብደት ነው።

5. ፓዱን ቁረጡ፣ አስቀምጡ፣ ለኩ። ሙሉ ወለሉን የሚሸፍን አንድ ንጣፍ አታድርጉ። ክብደቱ በሰፊ ቦታ ላይ ሲበተን ፓዱ እምብዛም አይሰምጥም፣ የማይሰምጥ ፓድ ደግሞ አይከላከልም። አራት ትንንሽ ቁራጮች ይሻላሉ። ለመጀመሪያ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ውፍረታቸውን ለኩና ጻፉ፣ በአራቱ ማዕዘን አስቀምጡ፣ ሞኒተሩን ጫኑበት። ስፖንጅ ወዲያው አይረጋም፤ ለአንድ ሰዓት ተውትና ከሳጥኑ ሥር እስከ ጠረጴዛው ያለውን ክፍተት በየማዕዘኑ ለኩ። ከመጀመሪያው ውፍረት ስትቀንሱት የሰመጠው ልክ ይገኛል።

ከዚያ ማስተካከል ነው። ብዙም ካልሰመጠ ስፋቱን ቀንሱ፤ ከልክ በላይ ከሰመጠ ስፋቱን ጨምሩ። የቆረጣችሁት 5 በ5 ሆኖ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሰመጠና 2 ሚሊ ሜትር ከፈለጋችሁ ስፋቱ ወደ ሩብ ይውረድ፣ ማለትም 2.5 በ2.5። ይህ ግምት ነው፤ ቆርጣችሁ እንደገና ለኩ። ሁለት ገደብ አለው፦ አንደኛ፣ የፓዱ ጎን ከቁመቱ ማነስ የለበትም፤ ቀጭንና ረጅም ከሆነ ወደ ጎን ይታጠፋል። ሁለተኛ፣ ከውፍረቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ሲሰምጥ በደንብ ይሠራል፤ ከልክ በላይ ከተጨፈለቀ ስፖንጁ ይጠጥራል። 25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ስፖንጅ ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢሰምጥ በቂ ነው።

ሶርቦቴን ከገዛችሁ የሚሸከመው ክብደት ማሸጊያው ላይ ይጻፋል። የሞኒተሩን ክብደት ለአራት አካፍላችሁ፣ የሚገኘው በተጻፈው ክልል መሃል ላይ መውደቁን አረጋግጡ። «ይበልጥ ጠንካራው ይሻላል» ብሎ ለ20 ኪሎ የተሠራውን ለ5 ኪሎ መግዛት ገንዘብን ከጠንካራ ጎማ ጋር መለወጥ ነው።

እጃችሁ ላይ ምንም ከሌለ፣ የትንሽ ብስክሌት ካላማዳሪያ በግማሽ ነፍታችሁ ከአንድ ጠፍጣፋ ሰሌዳ ሥር ማስተኛት ይቻላል። አየር በጣም ለስላሳ ስፕሪንግ ስለሆነ ውጤቱ ከብዙ ተገዝቶ ከሚመጣ ፓድ አያንስም። ጉዳቱ፦ አየሩ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ሞኒተሩም ያዘነብላል። ለከባድና ለረጅም ሳጥን አልመክረውም።

6. ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ፈልጉ። ሞኒተር አራቱም ማዕዘን ላይ እኩል አይከብድም። አንዳንዱ በዎፈሩ ማግኔት ምክንያት ወደፊት፣ አንዳንዱ በትራንስፎርመሩ ምክንያት ወደኋላ ያደላል። አንድ ድቡልቡል ዱላ መሬት ላይ አስተኙ፣ ሳጥኑን በላዩ አድርጋችሁ ወዲያና ወዲህ ስትሉት የሚመዛዘንበትን መስመር በወረቀት ፕላስተር ምልክት አድርጉ። ፓዶቹን ከዚህ መስመር ፊትና ኋላ እኩል ርቀት ላይ አድርጓቸው። አንዱ ጎን ከሌላው በላይ ከሰመጠ ሥሩ ወረቀት ከመጠቅጠቅ ይልቅ ፓዱን ወደ ከባዱ ጎን አስጠጉት። ውሃ ልኩ ቀጥ ሲል ጨርሳችኋል።

7. ሞኒተሩ ቀላል ከሆነ ክብደት ጨምሩ። በጣም ቀላል ሞኒተር ለስላሳ ፓድ ላይ አይረጋም፣ ጠንካራ ፓድን ደግሞ አያሰምጥም። መፍትሔው በሞኒተሩና በፓዱ መካከል ከባድ ሰሌዳ ማስገባት ነው። 30 በ20 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግራናይት 3.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 5.3 ኪሎ ሞኒተር ሲጫንበት ፓዱ የሚሸከመው 8.5 ኪሎ ይሆናል፤ 60 በመቶ ያህል የበለጠ ይሰምጣል፣ ሬዞናንሱም በ20 በመቶ ገደማ ይወርዳል። የመንገዳገድ ችግሩም ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ክብደቱ ወደ ታች ወርዷል። ሰሌዳው ሲጨመር ግን ደረጃ 5ን ድገሙት፤ ልኩ ተለውጧል።

8. ከፍታና አቅጣጫ። ትዊተሩ ከጆሯችሁ ጋር እኩል ይሁን፤ ካልደረሰ ከፓዱ በላይ ሽብልቅ አድርጋችሁ ወደ ላይ አቅኑት። ሁለቱ ሞኒተሮችና ራሳችሁ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ሥሩ።

9. ድልድዮችን ቁረጡ። ፓዱ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ሳጥኑ በሌላ በኩል ጠንካራ ነገር ከነካ ንዝረቱ በዚያ ይሄዳል። ሳጥኑ ግድግዳ፣ የኮምፒውተር ስክሪን ወይም የመደርደሪያ ጎን እንዳይነካ ቢያንስ አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። ወፍራም ገመድ ተወጥሮ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ከታሰረ እሱም ድልድይ ነው፤ ሳጥኑ አጠገብ ላላ ያለ ቀለበት አድርጉለት። ሞኒተሩን በብሎን ከስታንዱ ጋር ካሰራችሁ ከመሃል ያለው ጎማ ለጌጥ ነው።

10. አወዳድሩ። በደረጃ 2 የተጠቀማችሁበትን ስዊፕ በዚያው ድምፅ መጠን አጫውቱ፣ መዳፋችሁን እዚያው ቦታ ላይ አድርጉ። የጻፋችሁት ሄርዝ ላይ ንዝረቱ መውረድ አለበት። የመለኪያ ማይክ ካላችሁ ሩም ኢኪው ዊዛርድ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም፣ ማይኩን በምትቀመጡበት ቦታ አቁማችሁ በፊትና በኋላ ለኩ። ከመስመሩ ከፍታ ይልቅ ድምፁ ለመጥፋት የሚፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን ግራፍ ተመልከቱ፤ ጠረጴዛ ዋናው ጥፋቱ ድምፁ ካለቀ በኋላም መቀጠሉ ነው። በጆሮ ስታወዳድሩ የድምፅ መጠኑን ፈጽሞ አትንኩ፤ ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

ሹል የብረት እግር ንዝረት የሚከለክል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ሹል እግር የሚያገለግለው ስታንድ ምንጣፍ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ለማጽናት ነው፤ ንዝረቱን ግን ጠንካራ በሆነ መንገድ ወደ ወለሉ ያስገባዋል። ግራና ቀኙ የተለያየ ፓድ ማድረግም እንዲሁ ዋጋ ያስከፍላል፤ ባሱ በአንድ በኩል ሌላ መልክ ይይዛል፣ እናንተም በፓን (ድምፁን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በማዘንበያው) ለማካካስ ትሞክራላችሁ።

ስፖንጅ፣ በላዩ ጎማ፣ በላዩ ቡሽ እየደራረቡ መጨመርም አለ። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱን መስመጥ ስለሚጨምር ልኩን ማስተካከል ያስቸግራል፣ ቁልሉም ይወዛወዛል። አንድ ዓይነት መርጣችሁ ልኩን አስተካክሉ። ሰብዉፈርን (ዝቅተኛውን ባስ ብቻ የሚያወጣውን ስፒከር) መርሳትም የተለመደ ነው። ሞኒተሮቹን ነጥላችሁ ሰብዉፈሩ በቀጥታ የእንጨት ወለል ላይ ከተቀመጠ ትልቁ ነዛሪ እንዳለ ቀርቷል ማለት ነው። አሠራሩ ያው ነው፣ ክብደቱ ግን ለየብቻ ይሰላ።

ጥቁር ጎማና ሶርቦቴን ከጊዜ በኋላ ቅባታማ ነገር ስለሚያወጡ በቀለም የተሠራ እንጨት ላይ የማይለቅ ምልክት ሊተዉ ይችላሉ። በዕቃ ዝርዝሩ ላይ ስስ ፕላስቲክ ያስገባሁት ለዚህ ነው፤ ጠንካራና ስስ ከሆነ የፓዱን ሥራ አይነካም።

ፓዱን የሠራችሁበትን ቀንና ያኔ የለካችሁትን ክፍተት ከሳጥኑ ጀርባ በወረቀት ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። ስፖንጅ በጭነት ሥር ሲከርም ቁመቱን ያጣል፣ አይመለስም። በዓመት አንድ ጊዜ ክፍተቱን ለኩ፤ ከመጀመሪያው ልክ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከወረደ ወይም ውሃ ልኩ ካዘነበለ ስፖንጁን ለውጡ፣ ስትለውጡም የግራውንና የቀኙን ስምንቱንም በአንድ ላይ።